ዋቢ ብለህ የጻፍክበት ዲስክ

ገመቹዬ፣

ከተለያየን ሁለተኛው ክረምት እየገባ ነው። ትናንት የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ጣለ። የዕቃ ቤቱ ጣራ ዘንድሮም አላፈሰሰም፤ ያንን የቆርቆሮ ቀዳዳ አንተ ነህ የደፈንከው። ከሥሩ፣ መደርደሪያው ላይ፣ ያ የዲስክ ሣጥንህ ቁጭ ብሎ ይሠራል። ድምፁን እየሰማሁ ነው የምጽፍልህ።

ልጽፍልህ ካሰብኩ ቆይቻለሁ። ግን የምነግርህ ነገር መጨረሻው አልታወቀም ነበር፤ መጨረሻውን ሳላውቅ ልጀምርልህ ፈራሁ። አሁን ታወቀ። ማለቴ፣ በከፊል።

መጀመሪያ የቤቱን ወሬ።

ፎቶ ቤትህን አከራየሁት። የሞባይል መሸፈኛና ቻርጀር ይሸጥበታል። ተከራዩ ጨዋ ሰው ነው። ግድግዳው ላይ የሳልከውን ሰማያዊ ሰማይ እንዳይቀባው ለምኜው ትቶታል፤ ደመናው ላይ ግን የጆሮ ማዳመጫ ደርድሮ ሰቅሏል። አሁንም አልፎ አልፎ ክራቫቱን ያስተካከለ ሰው በሩን ገፍቶ ይገባል። ዙሪያውን ያይና ይቅርታ ብሎ ይወጣል።

ልጃችን ሌሊሴ ተመረቀች። ካባውን ለብሳ የተነሣችው ፎቶ ስልኬ ውስጥ አለ። ስልኬ ውስጥ ብቻ። ወደ ሣጥንህ አላስገባሁትም። አንተ ከሄድክ ወዲህ እኔ በእጄ ምንም ነገር አላስገባሁበትም። ለምን ብላ ሌሊሴ ጠይቃኛለች። የተዘጋ ክፍል ውስጥ ወንበር ማዛወር መስሎኝ ነበር መሰለኝ።

እኔ ያው አማርኛ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ አሁንም በኦሮምኛ አስበው በአማርኛ ይጽፋሉ፤ እኔም ቀይ እስክሪብቶዬን ይዤ እቀመጣለሁ። ‹‹ባርሲስቱ፣ ተይ ቀዩን አስቀምጪው፤ ገብቶሽ የለ?›› ትለኝ ነበር። አስተማሪዋ ማለትህ ነው በእናንተ ቋንቋ። ትርንጎ የሚለውን ስሜን ከአንተ አፍ የሰማሁት ስትቆጣ ብቻ ነው።

*

ሣጥኑን የገዛህ ጊዜ ትዝ ይልሃል? ማለቴ ሣጥኑ አሮጌ ኮምፒውተር ነበር፤ የገዛኸው አራቱን ዲስክ ነው። ከአዲስ አበባ ስንመለስ ሚኒባሱ አዲስ ዓለም ላይ ጎማው ፈነዳ። አራቱን በጃኬትህ ጠቅልለህ ጭንህ ላይ ታቅፈሃቸው ነበር። አጠገባችን የተቀመጠችው ሴትዮ ‹‹ሕፃኑ እንዳይታፈን ገለጥ አድርገው›› አለችህ። አንተም ሳትስቅ ‹‹አሁን ነው የተኛው›› አልካት።

መንገድ ዳር ቆመን ጎማ ሲቀየር ነው ያስረዳኸኝ። ፎቶ ቤት የከፈትክ ሰሞን የተነሡ የሙሽራ ፎቶዎች ከአንድ ዲስክ ጋር ድንገት ጠፍተውብህ ነበር፤ ሰዎቹ እስከዛሬ መንገድ ላይ ሲያገኙህ ፊታቸው ይጠቁራል። ‹‹ዲስክ ይሞታል›› አልከኝ። ይበላሻል አላልክም። ከሚኒባሱ ጣራ ላይ የተጫነውን ጤፍ አሳየኸኝ።

‹‹ሦስት ጆንያ አለ እንበል። ሦስቱንም መዝነሽ ድምሩን አራተኛ ቦታ አስቀመጥሽ። አንዱ ጆንያ ቢሰረቅ የቀሩትን ሁለቱን መዝነሽ ከድምሩ ትቀንሻለሽ። የተሰረቀው ምን ያህል እንደነበር ታወቀ ማለት ነው።››

‹‹ጤፉ ግን አይመለስም›› አልኩህ።

‹‹ፎቶ ጤፍ አይደለማ። ፎቶ ኮምፒውተር ውስጥ ቁጥር ነው። ቁጥሩ ከታወቀ ፎቶው ራሱ ተመልሶ ይመጣል።››

‹‹ሁለት ጆንያ ቢሰረቅስ?››

ትንሽ አሰብክ። ‹‹ያኔ ማልቀስ ነው›› አልከኝ።

ያ ሁሉ ገብቶኝ ነበር። ይህን እንድታውቅልኝ እፈልጋለሁ። እሁድ ከጸሎት መልስ ዕቃ ቤት ትገባና ‹‹ደመርኳቸው›› እያልክ ትወጣለህ። በሳምንቱ ውስጥ አዲስ ነገር ከገባ፣ ወይም የነበረ ከተሰረዘ፣ ድምሩም አብሮ መታረም ነበረበት። እኔም ‹‹ጎበዝ፣ በል ምሳህን ብላ›› እላለሁ። የደመርከው የት እንደሚቀመጥ ግን አልጠየቅሁህም። ከአራቱ አንዱ ላይ እንደሆነ አውቃለሁ። የትኛው እንደሆነ ምን ቸገረኝ? አንተ ነበርክ።

ዲስኮቹ ላይ በወፍራም ማርከር ስም ጽፈህባቸዋል። ከወደ ጊንጪ የቀረጽከው ሠርግና ተስካር ‹ጊንጪ› ላይ። የከተማችን ‹አምቦ› ላይ። ከጉደርና ከዚያ ወዲያ ያለው ‹ጉደር› ላይ።

አራተኛው ላይ፣ ‹ዋቢ›።

*

ዋቢ። እኔ ይህን ቃል በየዓመቱ ጥቁር ሰሌዳ ላይ እጽፈዋለሁ። ዋቢ መጻሕፍት። ተማሪው ድርሰቱን ከጨረሰ በኋላ ከየት እንዳገኘው የሚዘረዝርበት፣ ከእኔ በቀር ማንም የማያነበው ገጽ። አንተ ደግሞ ለማስተማሪያ የሚሆኑኝን መጻሕፍት ገጽ በገጽ ፎቶ እያነሣህ ሣጥኑ ውስጥ ታስቀምጥልኝ ነበር። እና አራተኛው ዲስክ የእኔ የመጻሕፍት ዲስክ ነው ብዬ አመንኩ። አልተጠራጠርኩም። ደግሞም ደስ ብሎኝ ነበር፤ ለጊንጪ አንድ፣ ለአምቦ አንድ፣ ለጉደር አንድ፣ ለእኔ አንድ።

ከቀብርህ በኋላ ባለው የትምህርት ዓመት ነው። የቋንቋ ክፍላችን የድሮ የፈተና ጥያቄዎችን የሚያስቀምጥበት ዲስክ ፈለገ። ሣጥንህ ፊት ቆምኩ። ከአራቱ የትኛው ቢወጣ እንደማያመኝ አሰብኩ። የሰው ሠርግ አልነካም። የራሴን ግን ብሰጥ ማን ይጠይቀኛል? ሣጥኑን አጥፍቼ ‹ዋቢ›ን ነቀልኩና በፌስታል ይዤው ሄድኩ።

የትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ሲሰካ አንድ ጥያቄ ብቅ አለ። ባልደረባዬ አነበበውና ‹‹ቲቸር፣ ይሄ ባዶ ነው። ለሥራ እንዲሆን ላዘጋጀው?›› አለኝ። ማዘጋጀት ማለት ላጥፋው ማለት እንደሆነ አሁን ነው የገባኝ። ያኔ ባዶ መሆኑ ብቻ ነው የገባኝ። መጻሕፍቴ የሉም። እሺ ልለው አፌን ከፈትኩ።

ደወል ተደወለ።

ልቤ ነገረኝ ብልህ ደስ ይለኝ ነበር። ልቤ ምንም አልነገረኝም። የስምንተኛው ክፍለ ጊዜ ደወል ነው፤ ደብተሬን ሰበሰብኩና ‹‹ነገ›› አልኩት። በነጋታው ሌላ ሰው ሌላ ዲስክ አመጣ። ‹ዋቢ› በፌስታሉ ከቁም ሣጥኑ ታች፣ ከቡናማው ሹራብህ ሥር ገባ። ሣጥንህም በሦስት ቀረ።

*

አዴ ብሪቱን ታውቃታለህ፤ የጉደሯን። ባሏ ኦቦ ነገራ ዐርፏል። ከአንተ በኋላ ነው፤ ስለዚህ አታውቅም። ወይም ከእኔ ቀድመህ አውቀሃል።

ዐቢይ ጾም ሲጋመስ አንድ ጠዋት መጣች። ‹‹አካም ቡልቴ፣ ቲቸር›› ብላ ገባችና ወንበር ሳልሰጣት ተቀመጠች። ሁለተኛዋ ልጇ ጫልቱ ከፋሲካ በኋላ ታገባለች። አባቷ ሳይመርቃት ከቤት አትወጣም አለችኝ።

‹‹ኦቦ ነገራ እኮ…›› ብዬ ጀመርኩ።

‹‹መሞቱን ልትነግሪኝ ነው? እኔ ነኝ የቀበርኩት። ትልቋን ሲመርቅ ገመቹ ቀርጾታል። እሱን አምጪልኝ። ለአንዷ ልጅ የተባለ ለሌላዋም ይሆናል።››

ለትልቋ ሠርግ የሰጠኻቸው ሲዲ የለም ወይ አልኳት። አለ አለች። ምርቃቱም አለበት፤ ሰውዬው ቆሞ አፉን ሲያንቀሳቅስ ይታያል። ድምፁ ግን የለም። ‹‹ባልሽ ዘፈን ጭኖበታል። ሠርግ ሁሉ ላይ ዘፈን ይጭናል። ሽማግሌ አፉን ከፍቶ ዘፋኝ ይዘፍናል!›› ስቃ ነው ያለችው። ቀጥላ ግን እጄን ያዘች። ያልተቆረጠው፣ ዘፈን ያልተጫነበት፣ ገመቹ ጋ እንደሚቀመጥ ኦቦ ነገራ ነግሯታል። አንተው ነህ የነገርከው። ‹‹የተቀረጸ አይጠፋም፣ እኔ ጋ አለ›› ብለኸዋል።

እኔም አለ አልኳት። በሁለት ቀን ነይ አልኳት። አለና። ‹ጉደር› ላይ።

በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ መብራት ጠፋ። ተመልሶ ሲመጣ አምፖሉ ቦግ ብሎ ደመቀና ተስተካከለ። ከዕቃ ቤቱ ድምፅ ሰማሁ። ቀጭ። ቀጭ። ዝም ይላል። ቀጭ። ሰው ጥፍሩን የሚቆርጥ ይመስላል። ጆሮዬን እያስጠጋሁ ከአንዱ ወደ አንዱ ሄድኩ። ‹ጉደር› ነበር።

*

ጓደኛህን ታደሰን ጠራሁት። ሌላ ማንን እጠራለሁ? ዩኒቨርሲቲው ኮምፒውተር ክፍል ውስጥ አሁንም አለ። ጸጉሩ መሳሳቱን ብታይ ትስቅበት ነበር። ከባጃጅ ወርዶ ገና በሩ ላይ ሆኖ ‹‹ያ የዶሮ ቤት አለ እስከዛሬ?›› አለኝ፤ ሣጥንህን ነው። ከዚያ ሣጥኑን ሲያይ ተጠጋና አቧራውን በመሐረቡ ጠረገለት።

ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠ። ‹‹ጉደር አልፏል›› አለ። ‹‹ግን አይዞሽ። ገመቹ ሞኝ አልነበረም፤ ለዚህ ነው ዋስ ያቆመው።›› እጁን ወደ አራተኛው ቦታ ሰደደ። ባዶ ነበር።

‹‹አራተኛውስ?››

‹‹እሱ የመጻሕፍት ነው። አውጥቼዋለሁ።››

‹‹የምን መጻሕፍት?››

‹‹ዋቢ የሚለው።››

ሳቀ። ከዚያ ፊቴን አየና ሳቁን ዋጠው። ‹‹ቲቸር›› አለኝ ቀስ ብሎ፣ ‹‹ዋቢ እኮ ዋስ ነው። እኔ ስቀጠር ዋቢ አምጣ ብለውኝ አጎቴ ነው የፈረመልኝ። ኦሮምኛው እንደዛ ነው። አማርኛችሁም እንደዛ ሳይል ይቀራል?››

ይላል። መዝገበ ቃላት ላይ ይላል፤ ዋቢ ማለት ዋስ፣ ጠበቃ፣ ስለሌላው የሚቆም። አውቀዋለሁ። ግን እንደ ሞተ ቃል ነው የማውቀው፤ የፈተና ጥያቄ የማወጣበት እንጂ ሰው የሚጠራበት አይመስለኝም ነበር። አንተ ዘንድ በሕይወት ኖሯል። ከስንት ዓመት ትዳር በኋላ፣ ገመቹዬ፣ አንዲት ቃል መሃላችን ተቀምጣ ለእኔ አንድ ነገር፣ ለአንተ ሌላ ነገር ትል ነበር። ስንት እንዲህ ያለ ቃል እንደነበረን ማወቅ አልፈልግም። ልጠይቅህ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው። ስትጽፈው በየትኛው ቋንቋ ነበር የጻፍከው?

ወደ መኝታ ቤት ሄድኩ። ሹራቡን አነሣሁ። ፌስታሉ አለ። ታደሰ ዲስኩን ተቀብሎ ሲሰካው እኔ ግድግዳ ግድግዳ አይ ነበር። ያ ባልደረባዬ ከደወሉ በኋላ፣ እኔ ክፍል ገብቼ ሳለ፣ እሺ የሚለውን ነክቶት ቢሆንስ? ሰው ይረዳኛል ብሎ ስንት ነገር ያደርጋል።

‹‹ባዶ አይደለም›› አለ ታደሰ። ‹‹የናንተ ኮምፒውተር ማንበብ አልቻለበትም እንጂ ባዶ አይደለም። አንድ ፋይል አለበት። አንድ ትልቅ ፋይል። ድምሩ ነው።››

መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

እሱ ግን ገና አልጨረሰም። ድምሩ የሚሠራው የቀሩት ሁለቱ ድምሩ በተሠራ ጊዜ እንደነበሩት ከሆኑ ብቻ ነው። ከ‹ጊንጪ› ወይም ከ‹አምቦ› አንድ ነገር ከተሰረዘ፣ የተሰረዘው ቦታ ያህል ‹ጉደር› ላይ ጉድጓድ ይወጣል። ‹‹አንተ ከዚያ ወዲህ የነካሽው አለ?›› አለኝ፤ በጭንቀቱ አንተና አንቺ ተምታታበት።

ምንም አላስገባሁም አልኩት። ምንም። ከዚያ ትዝ አለኝ።

ወንድምህ ለአርባህ ሲመጣ ቀብርህን በስልኩ ቀርጾ ነበር። ለልጅቷ ማስታወሻ ይሁን ብሎ ‹አምቦ› ላይ ገለበጠው። አንድ ጊዜ ብቻ አየሁት። ጭቃው፣ ጃንጥላው፣ እኔ ሁለት ሴቶች መሃል ሆኜ፣ ጫማዬ አንዱ ወልቆ። ያቺን ሴትዮ ማየት አልቻልኩም። ሰረዝኩት።

ለታደሰ ነገርኩት። ቀና አላለም። ድምሩ መጨረሻ የታረመበትን ጊዜ ፈልጎ አገኘው። ሆስፒታል ከመግባትህ በፊት ያለው እሁድ ነው። ‹ደመርኳቸው› ብለህ ወጥተህ፣ ምሳ አልበላም ያልክበት እሁድ።

‹‹የቀብሩ ከዚያ በኋላ ነው የገባው›› አለኝ። ‹‹ስለዚህ ዋሱ አያውቀውም። ቢገባም ቢወጣም ለሱ አልነበረም።››

ቡና ላፈላ ብዬ ወደ ጓዳ ሄድኩ፤ ቡናውን ግን አላፈላሁም። ያ ዲስክ ከሹራብህ ሥር ተኝቶ መሞትህን አያውቅም ነበር። እሱ ዘንድ ያለው ዓለም አንተ እሁድ ጠዋት ከዕቃ ቤት ስትወጣ ያለው ነው። እኔም አንዲት ፎቶ ሳላስገባ፣ የልጄን ምረቃ እንኳ ሳላስገባ፣ ያንን እሁድ እንዳለ ይዤ ቆይቻለሁ። ሌሊሴ ‹‹እማ፣ ይሄ ጤነኛ ነገር አይደለም›› ስትለኝ ነበር። አልነበረም። ጤነኛ ባለመሆኔ ግን ድምሩ አልተዛባም። ይህን ለማን እነግራለሁ? ለአንተ ካልነገርኩ።

*

ታደሰ አዲስ ዲስክ ከአዲስ አበባ አስመጣና በ‹ጉደር› ቦታ ተከለው። ቅዳሜ ጠዋት አስጀመረው። ሁለቱን ያነባል፣ ከድምሩ ይቀንሳል፣ የጎደለውን አዲሱ ላይ ይጽፋል። ቀስ ብሎ፣ እንደ ሽማግሌ።

እኩለ ቀን ላይ ‹ጊንጪ› ማቃሰት ጀመረ። ቀጭ አላለም፤ ግን ሲያነብ ይንገዳገዳል፣ ይቆማል፣ ይቀጥላል። ታደሰ ነካው። እንደ ምጣድ ግሏል። ‹‹እሱም ከሞተ›› አለ፣ ‹‹አንድ ዋስ ለሁለት ጠፊ አይሆንም።›› ያኔ ማልቀስ ነው ያልከኝ መጣብኝ። ማቆምም ያስፈራል፤ ካቆመ በኋላ ‹ጊንጪ› ላይነሣ ይችላል።

‹‹አራግቢው›› አለኝ።

‹‹በምን?››

‹‹በማራገቢያ ነዋ። እንደ ከሰል።››

አራገብኩት። ቀስ ሲል ቀስ እያልኩ፣ ሲያቃስት እየፈጠንኩ። በዚህ መሃል አዴ ብሪቱ ደረሰች። የሁለት ቀን ቀጠሮዬ ሳምንታት ሆኖ ነበርና ልታፋጥጠኝ ነው የመጣችው። በሩ ላይ ቆማ አየችን፤ እኔ ተንበርክኬ አራግባለሁ፣ ታደሰ ላቡን ይጠርጋል። ‹‹ታሟል እንዴ?›› አለች። ታደሰ ‹‹ትኩሳት አለበት›› አላት። ‹‹ታዲያ ፍል ውሃው እዚሁ አምቦ አይደል? ውሰዱታ›› አለች። ከዚያ ነጠላዋን አስተካክላ አጠገቤ ተቀመጠችና ማራገቢያውን ከእጄ ወሰደች። እውነቱን ነገርኳት። ምርቃቱ የነበረበት ዲስክ መሞቱን፣ እየመለስነው መሆኑን፣ ላይመለስ እንደሚችል። እሷ ማራገቧን አላቋረጠችም። ‹‹ዋቀዮ ያውቃል›› አለች። እጇ ከእጄ ይበረታል።

መብራት ሁለቴ ጠፋ። የጎረቤት ጀነሬተር ለመንን። ሁለቴም ‹ጊንጪ› ተነሣ። እሁድ ከጸሎት መልስ ስገባ አልቋል።

ታደሰ የተመለሰውን ሁሉ አሳየኝ። ጉደር ሙሉው፣ ሠርጉ፣ ድንኳኑ፣ ፈረሱ፣ ልጆቹ ካሜራህ ፊት ሲጋፉ። ከታች ጥቂት በቀይ የተጻፉ ስሞች ነበሩ። ‹ጊንጪ› ሊያነብ ያልቻለባቸው ቦታዎች ናቸው፤ እዚያ ድምሩ አልሞላም። አንዱ የኦቦ ነገራ ትልቅ ልጅ ሠርግ ነበር።

*

ከፈትነው። ተከፈተ። ኦቦ ነገራ እርጥብ ሣር ይዞ ቆሟል። ዘፈን የለም። ነፋስና የሰው ጉርምርምታ፣ ከዚያ ድምፁ። የምትገቡበት በር አይጥበባችሁ ይላል በኦሮምኛ፤ ሰዉ ሁሉ ሃ ተኡ ይላል። ይሁን ማለታቸው ነው። ውሃችሁ አይጉደል። ሃ ተኡ። የሄዳችሁበት መንገድ ይመልሳችሁ። ሃ ተኡ።

ከሁሉም ድምፅ በላይ የአንተ ነበር።

ረስቼው! ካሜራው እጅህ ላይ ነው፤ ማይኩ አፍህ ሥር። ሰው ሁሉ ‹‹ገመቹ፣ ሠርጉ የኛ ነው ምርቃቱን ግን አንተ ነህ የምትቀበለው›› እያለ ይቀልድብህ ነበር። ስታቀናብር ዘፈን የምትጭነው ለካ ራስህን ለመሸፈን ነው። አፍህን ዘግተህ ብትቀርጽስ ስልህ ‹‹ምርቃት ሰምቶ ዝም ይባላል?›› አልከኝ።

ከዚያ ምስሉ ቆመ። የኦቦ ነገራ እጅ ከነሣሩ አየር ላይ ቀረ። አፉ ተከፍቷል። ድምፅ የለም። ታደሰ ወንበሩን ጨበጠ። ጉድጓዱ ይህ ነበር። አንድ የምርቃት ቃል የሚባልበትን ያህል ጊዜ ቆየ። ከዚያ ምስሉ ሳይንቀሳቀስ ድምፁ ቀድሞ ተመለሰ፤ አንተ ነህ። ሃ ተኡ።

ምን እንደተባለ አይታወቅም። አንተ ግን ይሁን አልክ።

*

ሠርጉ ጉደር ነበር፣ ከፋሲካ በኋላ። ሄድኩ። አዴ ብሪቱን ቀደም ብዬ አስጠነቀቅኋት፤ መሃል ላይ ይቆማል አልኳት። ‹‹ይቁም›› አለች። ቴሌቪዥኑን ድንኳኑ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ አቆሙት። ጫልቱና ባሏ ፊቱ ተንበረከኩ። እንግዳው መጀመሪያ ላይ ያፍር ነበር፤ ለቴሌቪዥን እንዴት ሃ ተኡ ይባላል? በሁለተኛው ምርቃት ላይ አንድ ሽማግሌ አለ። በሦስተኛው ሁሉም።

ከዚያ ቆመ። ከኋላ አንድ ሰው ‹‹መብራት ሄደ›› አለ። እኔ እጆቼን ጨብጬ መሬት መሬት አያለሁ።

አዴ ብሪቱ ከተቀመጠችበት ሳትነሣ፣ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ፣ ‹‹አንዳችሁ ስትደክሙ ሌላችሁ ቁሙ›› አለች። በኦሮምኛ ነው፤ ያንን ያህል ኦሮምኛ አላጣሁም።

ሃ ተኡ አልክ። ከዚያ ድንኳኑ በሙሉ።

ሲያልቅ ጓዳ ተከትያት ገባሁ። ያ ቃል በእርግጥ የእሱ ነበር ወይ? ያን ቀን ያለው እሱን ነው? አዴ ብሪቱ ሳህን እየደረደረች ትከሻዋን ነቀነቀች። ‹‹ያቺን በቁሙም ይረሳት ነበር›› አለችኝ። ‹‹ሁሌም እኔ ነበርኩ ከኋላ የማስታውሰው።››

*

ታደሰ ከዚያ ወዲህ ሁለቴ ደወለ። አዲስ ድምር መሠራት አለበት ይላል። ‹ጊንጪ›ም በአዲስ ተተክቷል፤ ካልተደመረ ግን የሚቀጥለው ሲሞት ዋስ የለም። ልክ ነው። እንዲደመርም አዲስ የገባው ሁሉ ይቆጠራል፤ የድሮው ድምር ይሻራል። ያ እሁድ ይሻራል። ይህን ለታደሰ አልነገርኩትም። እሺ፣ እሺ እያልኩ ሰነበትኩ።

ዛሬ እሁድ ነው። ጠዋት ወንድምህ ጋ ደወልኩ፤ የቀብሩን ቪዲዮ ስልኩ ላይ እንዳለ ጠየቅሁት። ላከልኝ። የሌሊሴን ምረቃ አስገባሁ። የጫልቱን ሠርግ አስገባሁ። አንድ ጫማ ወልቆባት በጭቃ የምትሄደውን ሴትዮም አስገባኋት። ከዚያ ታደሰ በወረቀት የጻፈልኝን ትእዛዝ፣ አንተ በየሳምንቱ በቃልህ የምትጽፈውን፣ ፊደል በፊደል ጻፍኩት። ጣቴ ቁልፉ ላይ ትንሽ ቆየ። ማንም ደወል አልደወለም።

ነካሁት።

አሁን እየደመረ ነው። ይህን ስጨርስ ያልቅ ይሆናል። ሲያልቅ ዋቢው ያውቃል፤ ሌሊሴ መመረቋን፣ ኦቦ ነገራ መሞቱን፣ አንተንም። አውቆም ዋስ ይሆናል። ከአሁን በኋላ እንዲህ ነው የምይዝህ፣ ገመቹዬ፤ ያቺን እሁድ ዘግቼ ሳይሆን በየእሁዱ ከሚመጣው ጋር እየደመርኩህ። ማርከሩ ከዲስኩ ላይ ሊለቅ ደርሷል። አደምቀዋለሁ። ቃሉን ግን አልለውጠውም፤ በየትኛውም ቋንቋ ጽፈኸው ይሁን።

ምሳዬን በልቼ እመለሳለሁ። ደመርኳቸው።

ባርሲስቱህ፣
አምቦ